እናቴ እንቅርቷን ካስወጣች በኋላ የምትወስደው ኪኒን እና የሁዳዴ ጾም

የበኩር ልጅ፦
ሰላም ናችሁ። እናቴ 58 ዓመቷ ነው፣ እንቅርቷን ኦፕራሲዮን ተደርጋ ሙሉ በሙሉ ካስወጣች ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው። ከዛ ጊዜ ጀምሮ ሌቮታይሮክሲን የሚባል ኪኒን ባለ 100 ማይክሮግራም ጠዋት በባዶ ሆድ ትወስድ ነበር፣ አሁን ግን ሁዳዴ ስለገባ እስከ 9 ሰዓት እህል ውሃ በአፌ አይዞርም ብላ ኪኒኑን ከሰዓት አድርጋዋለች፣ እሱንም ከምግብ በኋላ አቦሉን ይዛ ነው የምትውጠው፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ ጭራሽ ትተወዋለች። ስናገራት «እንቅርቱ ወጥቶልኝ የለ እንዴ ልጄ፣ የምን መድኃኒት ነው ዕድሜ ልክ» ትለኛለች። ሰሞኑን ፀሐይ ላይ ሁለት ጋቢ ደርባ ትቀመጣለች፣ ጠዋት ፊቷ አበጥ ይላል፣ ድምጿም ጎርነን ብሏል። ስናስመረምራት ቲኤስኤች የሚሉት የደም ምርመራ (የታይሮይድ ሆርሞን ሲያንስ ቁጥሩ ከፍ የሚለው) 31 መጣ፣ ወረቀቱ ላይ ኖርማሉ እስከ 4 ነው ይላል። ያያት ሐኪም መጠኑን እንጨምር አለ እንጂ እንዴት እንደምትወስደው እንኳን አልጠየቃትም። ምን ላድርግ?

ሲስተር ነኝ፦
ወንድሜ መጀመሪያ እማማን ይሄን አስረዳልኝ፣ ኪኒኑ የበሽታ ማስታገሻ አይደለም፣ አንገቷ ላይ የነበረው የታይሮይድ እጢ ድሮ ያመነጭላት የነበረውን ሆርሞን ነው የሚተካላት። እጢው ወጣ ማለት እሱን የሚሠራላት ሌላ የሰውነት ክፍል የለም። ደም ውስጥ ያለው በግማሽ ለመቀነስ ሳምንት ገደማ ይፈጅበታል፣ ለዛ ነው ሁለት ቀን ስትዘል ምንም ያልሆነች የሚመስላት፣ ሁዳዴ ግን 55 ቀን ነው። ቡናም ሆነ ምግብ አብሮት ሲገባ አንጀት በደንብ አይመጠውም፣ ስለዚህ በውሃ ብቻ ከቁርስና ከቡና ግማሽ ሰዓት ቢቻል አንድ ሰዓት ቀድሞ ነው መወሰድ ያለበት። ካልሲየም ወይም የደም ማነስ ኪኒን የምትወስድ ከሆነ በመሃሉ 4 ሰዓት ይኑር።
በጣም የምፈራው መጠኑ መጨመሩን ነው። አሁን ተጨምሮላት ጾሙ ሲወጣ በትክክል መውሰድ ከጀመረች ይበዛባታል፣ ልቧ ድው ድው ይላል፣ ምቱም ሊዛባ ይችላል፣ ከቆየ ደግሞ አጥንት ያሳሳል። ተመለሱና ለሐኪሙ አወሳሰዷን በግልጽ ንገሩት፣ የሆርሞን ስፔሻሊስት ካገኛችሁ ደግሞ የበለጠ። አወሳሰዱ ከተስተካከለ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቆይቶ ቲኤስኤች ይደገማል፣ ከዛ በፊት ቁጥሩ ገና አይረጋም።

ዲሲ ያለሁት፦
እኔ ሃሺሞቶ አለብኝ፣ የራሴ ሰውነት ነው እጢዬን የጎዳው፣ 9 ዓመት ሆነኝ በዚሁ ኪኒን ላይ። ሥራ የምገባው ሌሊት 10 ሰዓት ስለሆነ የጠዋቱ አልሆን ሲለኝ የሆርሞን ሐኪሜ (ኢንዶክራይኖሎጂስቴ) ማታ አድርጊው አለችኝ፣ ከራት 3 ሰዓት በኋላ ማለት ነው፣ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት እስከሆነ ድረስ በደንብ ይሠራል። እናትህ 1 ሰዓት ላይ ራት ከበላች 4 ሰዓት ላይ በውሃ ትዋጠው፣ ጾሟም አይነካም። ማታ የምትደግመው የጸሎት መጽሐፍ ካለ ኪኒኑን እዛው አጠገቡ አስቀምጥላት።

የደብረ ብርሃን ልጅ፦
አባቴ ቄስ ናቸው፣ ለታመመ ሰው መድኃኒት አትውሰድ የሚል ንስሐ አባት የለም ይላሉ፣ ስለዚህ ንስሐ አባቷን «እናቴን አናግሩልኝ» በላቸው። አክስቴ ይሄንኑ ኪኒን ለወራት ትታው እንቅልፍ እንቅልፍ እያላት ሰውነቷ በረዶ ሆኖ ቃል መመለስ እስኪያቅታት ደርሳ በስንት መከራ ነው የተረፈችው። እንደዚ አይነት ነገር ካየህባት ቀጠሮ አትጠብቅ፣ የዛኑ ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ውሰዳት።

የበኩር ልጅ፦
እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ንስሐ አባቷ በስልክ አናግረዋት እሺ ብላለች፣ ሐኪሙም አወሳሰዷን ስነግረው በማታው ተስማማ፣ መጠኑንም ባለበት እናቆየው አለ። ትናንት ማታ 4 ሰዓት ላይ መነጽሯን ሳታወልቅ ራሷ አስታውሳ ዋጠችው። ሲስተር አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ ካልሲየሙንስ የቱ ጋ ላድርገው?

ሲስተር ነኝ፦
9 ሰዓት ላይ ከምግቧ ጋር ስጣት፣ ከማታው ኪኒን ይርቅላታል። ከንፈሯን ወይም ጣቶቿን ደንዘዝ ካላት ግን ካልሲየሟ ወርዶ ሊሆን ስለሚችል በደም ይታይላት።