የመንግሥት ሠራተኛን ጤና መጠበቅ በየትኛው ሕግ፣ በማን ገንዘብ?

የክርክሩ ጥያቄ፦ የአሜሪካ ፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ለሠራተኞቻቸው ክትባት፣ ሲጋራ ማቆሚያ ትምህርት፣ አንዳንዴም ጂም ያዘጋጃሉ። ሕጉ ይህን ይፈቅዳል? ቢፈቅድስ ተገቢ ነው?

የበጀት ባለሙያ፦
እኔ እቃወማለሁ። ኮንግረስ ላልፈቀደው ነገር አንድ ሳንቲም አይወጣም፤ የመንግሥት ገንዘብ አያያዝ የሚቆመው በዚህ ላይ ነው። ሠራተኛ ደመወዝ አለው። መሮጥ ከፈለገ በራሱ ገንዘብ ይሩጥ።

ሕግ አጥኚ፦
ወንድሜ፣ ተፈቅዷል እኮ! እ.ኤ.አ. በ1946 የወጣ ሕግ አለ፤ ዛሬ በፌዴራል ሕጎች ስብስብ ርዕስ 5፣ ቁጥር 7901 ላይ ታገኘዋለህ። የመሥሪያ ቤት ኃላፊ የሠራተኞቹን የአካልና የአእምሮ ጤንነት የሚጠብቅ አገልግሎት ማቋቋም ይችላል ይላል። ግን በሩን ወለል አድርጎ አልከፈተም። በሥራ ላይ ለደረሰ ሕመም፣ ለአስቸኳይ የጥርስ ችግር፣ ለምርመራና ወደ ግል ሐኪም ለመላክ ነው። በመጨረሻ አንዲት ሐረግ ጨመረ፦ «ጤናን የሚመለከቱ የመከላከል ፕሮግራሞች»። ጂሙም የገባው በእሷ ነው። በ1985 የመንግሥት ወጪን ሕጋዊነት የሚወስነው ኮምፕትሮለር ጄኔራል የአካል እንቅስቃሴም የመከላከል አካል ሊሆን ይችላል አለ።

የበጀት ባለሙያ፦
እሺ፣ ሕጉ አለ። ግን ራስሽ እንዳልሽው «ይችላል» ነው የሚለው፣ «አለበት» አይልም። ያውም በጀቱ በፈቀደው መጠን። ሌላም አለ፦ አገልግሎቱ የሚቋቋመው በቂ ሠራተኛ ባለበት ቦታ ብቻ ነው። አራት ሰው ባለበት የጠረፍ ጣቢያ የሚሠራው ምን ያገኛል? ምንም። ዋናው መሥሪያ ቤት ግን ሁሉ ነገር አለው። ሁለቱም የአንድ መንግሥት ሠራተኞች ናቸው።

የቢሮ ሠራተኛ፦
እናንተ ስለ ገንዘብ ታወራላችሁ፤ እኔን የሚያስጨንቀኝ ፎርሙ ነው። አንድ መሥሪያ ቤት ሳለሁ የጤና መጠይቅ ታደለን። ክብደት፣ እንቅልፍ፣ ሲጋራ... ምንም አይደል። ሦስተኛው ገጽ ላይ ግን «ከወላጆችዎ ስኳር ወይም ካንሰር ያለበት አለ?» ይላል። አለቃችን ደግሞ «ዓርብ ሁላችሁም ታስረክባላችሁ» አለን። እናቴ ስኳር አለባት። እስክሪብቶውን ይዤ ቁጭ አልኩ። እጄ አልሄድ አለኝ።

ሕግ አጥኚ፦
እህቴ፣ ልክ ነሽ፤ ይኼ ዋናው ነጥብ ነው። በ2008 የወጣው የዘረመል (ከወላጅ የሚወረስ ነገር) መረጃ ሕግ የቤተሰብ ሕመም ታሪክንም የዘረመል መረጃ ይለዋል። በጤና ፕሮግራም ውስጥ ሊጠየቅ የሚችለው ሠራተኛው ወድዶ፣ በጽሑፍ ከተስማማ ብቻ ነው። ያን ክፍል ባዶ ብትተዪው ለመጠይቁ የተመደበው ሽልማት ሊቀርብሽ አይገባም። ስለ ራስሽ ሕመም መጠየቅም በፈቃደኝነት መሆን አለበት፤ በአካል ጉዳት ምክንያት አድልዎን የሚከለክለው የ1973ቱ የተሐድሶ ሕግ የፌዴራል ሠራተኛን በዚህ ይጠብቃል።

የበጀት ባለሙያ፦
«በፈቃደኝነት» ምን ማለት ነው ታዲያ? ካልሞላህ ገንዘብ ይቀርብሃል ከተባልኩ ፈቃዴ የት ላይ ነው?

ሕግ አጥኚ፦
ፍርድ ቤትም ይህንኑ ነው የጠየቀው። በ2016 በሥራ ላይ አድልዎን የሚከታተለው የእኩል ሥራ ዕድል ኮሚሽን ደንብ አወጣ፦ ሽልማቱ ወይም ቅጣቱ ከአንድ ሰው የጤና መድን ወጪ እስከ 30 በመቶ ቢደርስም «በፈቃደኝነት» ይባላል የሚል። ተከሰሰ። በ2017 የዋሽንግተን ፌዴራል ፍርድ ቤት ኮሚሽኑ ለ30 በመቶው በቂ ምክንያት አላቀረበም አለ፤ ያ የደንቡ ክፍል ከ2019 መጀመሪያ ጀምሮ ተሰረዘ። ለእኔ የ1946ቱ ሕግ አገልግሎት ለመስጠት ነው፤ ሰውን ለማስገደድ አይደለም። ክትባቱ ይምጣ፣ ጂሙ ይከፈት፤ የሚፈልግ ይግባ። ፎርሙን ነርሷ ትያዘው፣ አለቃው አይየው።

የበጀት ባለሙያ፦
እንደዚያ ከሆነ ከተቃውሞዬ ግማሹን አንስቻለሁ። የጠረፉን ሰው ነገር ግን አልመለሳችሁልኝም።

የቢሮ ሠራተኛ፦
እኔ ልሞክር። ሕጉ አገልግሎቱ በውልም ሊሰጥ ይችላል ይላል። የብዙ ትንንሽ ጣቢያዎችን ሠራተኞች ደምረው ከአካባቢው ክሊኒክ ጋር ይዋዋሉላቸው። ተደምረው «በቂ ቁጥር» ካልሆኑ እንኳ፣ ኮንግረስ ያቺን አንቀጽ ያስተካክላት።