በአደባባይ የተሰበከ ስህተት የት ይታረም?

አወያይ፦ የዛሬው ጥያቄ ይህ ነው። አንድ ሰባኪ በዩቲዩብ በተላለፈ ስብከቱ ስህተት ቢያስተምር፣ የሰማው ክርስቲያን ወዲያው የመልስ ቪዲዮ ይልቀቅ? ወይስ በማቴዎስ 18፥15-17 ቅደም ተከተል መጀመሪያ ብቻውን፣ ቀጥሎ ከአንድ ወይም ከሁለት ሰው ጋር፣ በመጨረሻ ለቤተ ክርስቲያን ይንገር? የማንም ሰባኪ ስም አይጠራ።

ቤርያዊ፦ እኔ ይልቀቅ ባይ ነኝ። ማቴዎስ 18 የሚጀምረው «ወንድምህ ቢበድልህ» ብሎ ነው፤ በሁለት ሰዎች መካከል ስላለ በደል ነው። ትምህርት ግን የሺዎች ጆሮ ገብቷል። ጳውሎስ ጴጥሮስን በአንጾኪያ ሲገሥጸው ጓዳ አልጠራውም፤ በሁሉ ፊት ነው (ገላትያ 2፥14)። ጴጥሮስ ሰው ፈርቶ ከአሕዛብ ጋር መብላቱን ሲተው በርናባስ ሳይቀር ተከትሎት ስለነበር።

መምህር፦ ወንድሜ፣ ጥቅሱ ልክ ነው፤ ግን ሦስት ቁጥር ወደ ላይ ውጣ። «ፊት ለፊት» ተቃወምሁት ይላል። ጴጥሮስ እዚያው ነበር፤ መልስ መስጠት ይችላል። ጳውሎስም የፈረደው በተቆረጠ ክሊፕ አይደለም። ደግሞ የሐዋርያት ሥራ 18፥26ን አንብብ። አጵሎስ በምኩራብ በይፋ ሲያስተምር የሚያውቀው የዮሐንስን ጥምቀት ብቻ ነበር። ጵርስቅላና አቂላ ምኩራቡ ውስጥ ተነሥተው አላቋረጡትም፤ ወደ እነርሱ ወስደው አስረዱት።

ቤርያዊ፦ የአጵሎስ አለማወቅ ነው፤ የጴጥሮስ ግን እያወቀ ማስመሰል። ያላወቀውን በግል፣ እያወቀ የሚያስተውን በይፋ ማለት አይደለም እንዴ፣ መምህር?

መምህር፦ ልዩነቱን እቀበላለሁ። ግን ሰውየው የትኛው እንደሆነ ሳትጠይቀው በምን ታውቃለህ? ምሳሌ 18፥13 ሳይሰማ የሚመልስን ሰው ስንፍናና እፍረት ይሆንበታል ይላል።

ኤዲተር፦ ክርክሩ ጥቅስ ላይ ቀረ፤ ነገሩ የሚበላሸው ግን ቀድሞ ነው። የ40 ሰከንድ ክሊፕ ሲደርሳችሁ ሙሉ ስብከቱን ፈልጉ። ክሊፑ የተወሰደበትን ደቂቃ አግኙና ከፊቱ 10፣ ከኋላው 10 ደቂቃ ስሙ። ሰባኪ «አንዳንዶች እንዲህ ይላሉ» ብሎ የሌላውን ሐሳብ ይጠቅስና ቀጥሎ ያፈርሰዋል። ቆራጩ መግቢያዋንና ማፍረሻውን ካወጣቸው ሰውየው የተቃወመውን ሲያስተምር ይታያል። በአስተርጓሚ የተሰበከ ከሆነ ደግሞ ዋናውን ቋንቋ የሚሰማ ሰው ጠይቁ፤ ስህተቱ የአስተርጓሚው ሊሆን ይችላል።

ከዚያ ያለውን ቃል በቃል ከነደቂቃው ጻፉ። ከሥሩ በሌላ መስመር እናንተ የተረዳችሁትን። በሁለቱ መካከል «እንዲህ ማለቱ ነው» የምትል ድልድይ ካለች ክሳችሁ የቆመው በእሷ ላይ ነው፤ ስለዚህ ጠይቁት እንጂ አትፍረዱ። የጻፋችሁትን አሳድሩት። ላይቭ ገብታችሁ ግን አትጀምሩ፤ ኮሜንቱ እየገፋ ያላሰባችሁትን ያናግራችኋል፣ የአፍ ወለምታ ደግሞ በቅቤ አይታሽም። የቪዲዮውን የሽፋን ምስልም እዩ። ውስጡ ጨዋ ሆኖ ሽፋኑ ላይ «ተጋለጠ!» ከተጻፈ፣ ሳይከፍት ያለፈው ሁሉ የያዘው ያንን ነው።

ነርስ፦ አንድ ነገር ልለይ። ማቴዎስ 18ን ለሁሉም ጉዳይ አታድርጉት። አንድ አገልጋይ ሴትን ወይም ልጅን ደፈረ ከተባለ ተጎጂዋ «መጀመሪያ ብቻሽን አናግሪው» አትባልም፤ አደጋ ላይ መጣል ነው። ጉዳዩ መጀመሪያ ወደ ሐኪምና ወደ ፖሊስ ይሄዳል። ሳትታጠብ ትሂድ፤ ለብሳው የነበረው ልብስ በወረቀት ከረጢት ይቀመጥ፣ ፌስታል ውስጥ እርጥበቱ ማስረጃውን ያበላሸዋል። የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ በቶሎ ሲሆን ይሻላል። ሽማግሌ ተሰብስቦ «ለመናገር የዘገየ ይሁን» እያለ ሲጠቅስ ሰዓቱ ያልፋል። ያዕቆብ ያንን የጻፈው ቁጣን ለመግታት እንጂ የተጎዳን ሰው አፍ ለመዝጋት አይደለም። እናንተ ደግሞ የተጎጂዋን ስም፣ ሰፈር፣ ፎቶ አትለጥፉ፤ ለደግነት ብላችሁም ቢሆን።

መምህር፦ እህቴ ልክ ነሽ፤ ወንጀል ከትምህርት ስህተት ጋር አንድ መዝገብ ውስጥ አይገባም። ወደ ትምህርቱ ስመለስ፣ 1ኛ ጢሞቴዎስ 5፥19-20 ቅደም ተከተሉን ያሳያል፦ ያለ ሁለት ወይም ሦስት ምስክር በሽማግሌ ላይ ክስ አትቀበል፤ ኃጢአት የሚሠሩትን ግን በሁሉ ፊት ገሥጽ። ይፋዊ ተግሣጽ አለ፤ ግን ምርመራው ይቀድመዋል። ኤዲተሩ ያለው ሁለት መስመር በአንድ ገጽ ይጻፍ፣ ስብከቱን የሰሙ ሁለት ሰዎች ይፈርሙበት፣ ለሰባኪውና ለአጥቢያው ሽማግሌዎች ይድረስ፣ የመልስ ቀን ይቀመጥለት። 14 ቀን እላለሁ።

ቤርያዊ፦ በ14 ቀን ክሊፑ አገር ያዳርሳል! 3 ቀን ይበቃል።

መምህር፦ ሽማግሌዎች በሳምንት አንዴ ከተሰበሰቡ 3 ቀን ብሎ መስጠት አለመስጠት ነው። እስከዚያ ዝም በል አላልኩህም፤ ትክክለኛውን ትምህርት ያለ ስም ዛሬውኑ አስተምር።

ኤዲተር፦ ያለ ስም ሲባል «አንድ ታዋቂ ሰባኪ» ማለት አይደለም ደግሞ፤ ኮሜንት ላይ በ5 ደቂቃ ስሙ ይወጣል። ስለ ሰውየው ምንም ሳትጠቅሱ ርዕሱን አስተምሩ። በነገራችን ላይ ከ5,000 በላይ ተከታይ ያላችሁ የጥላቻ ንግግርንና የሐሰት መረጃን የሚከለክለውን አዋጅ ቁጥር 1185/2012ን አንብቡ፤ በእንዲህ ያለ ገጽ የሐሰት መረጃ ማሰራጨት ቅጣቱን ያከብደዋል።

ቤርያዊ፦ እሺ 7 ቀን፣ አንድ ስብሰባ እንዲያልፍ። እስከዚያ ያለ ስም አስተምራለሁ። መልስ ካልመጣ ግን ከነደብዳቤው ስሙን ጠርቼ እለቃለሁ።

መምህር፦ በ7ቱ እስማማለሁ። በስሙ ግን አልስማማም፤ ሁለተኛ ደብዳቤ ከሁለት ሽማግሌ ጋር ይቀራል።