አልበም ላይ የተጣበቀ የጦርነት ዘመን ደብዳቤ እንዴት ላላቅቅ?

ሰላም ለሁላችሁ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አሜሪካ ውስጥ ስለ ነፍስ አድን ጃኬቶች የተጻፉ የንግድ ደብዳቤዎችንና ማስታወቂያዎችን እሰበስባለሁ። ከሁሉም ልቤን የሚይዘው የመሙያው ታሪክ ነው። ጃኬቶቹ የሚሞሉት ካፖክ በሚባል ከዛፍ ፍሬ በሚገኝ ጥጥ መሰል ነገር ነበር። ካፖክ ደግሞ በብዛት የሚመጣው በዛሬዋ ኢንዶኔዥያ ካለችው ከጃቫ ደሴት ነበር። በ1942 እ.ኤ.አ. ጃፓን ጃቫን ስትይዝ ያ ቀረ። በምትኩ ሚልክዊድ የሚባል ተክል ተገኘ፤ የኛው ጦቢያ ዘመድ ነው፣ ፍሬው ውስጥ እንደ ሐር የለሰለሰ ነጭ ነገር አለው። በ1944 ልጆች ሳይቀሩ «ሁለት ከረጢት አንድ ነፍስ ያድናል» እየተባሉ ፍሬውን ለቀሙ።

ባለፈው ወር ስለዚሁ መሙያ የሚያወራ ደብዳቤ ያለበት አልበም ገዛሁ። ቀኑ የነበረበት ጥግ ተቀዷል። አድራሻው «ዲትሮይት 26» ስለሚል ከግንቦት 1943 ወዲህ መሆኑን አውቄያለሁ፤ የፖስታ ዞን ቁጥር የተጀመረው ያኔ ነው። ችግሩ፣ ደብዳቤው ሙሉ ጀርባው በሙጫ ጥቁሩ ገጽ ላይ ተለጥፏል።

በቀጭን ቢላዋ አንዱን ጥግ ሳነሳ በእርሳስ የተጻፈ ቁጥር ብቅ አለ፤ ወረቀቱ ግን መላጥ ጀመረ። ከዚያ የማንቆርቆሪያ እንፋሎት ሞከርኩ። ሙጫው ለሰለሰ፤ የፊርማው ሐምራዊ ቀለም ግን ጫፉ ላይ ፈሰሰ። ወዲያው አቆምኩ። እስካሁን የተላቀቀው ሁለት ጣት ያህል ነው።

ፊርማውንም የእርሳሱንም ጽሑፍ ሳላጠፋ ቀሪውን በምን ላላቅቀው?