ሐረና ጫካ በአሮጌ ቪታራ፦ ይሞከራል ወይስ እብደት ነው?

ባለቪታራው፦

ሰላም ቤተሰብ። ቤቴ ፒያሳ፣ ሥራዬ አራት ኪሎ ነው። መኪናዬ በዚህች መንገድ ስትመላለስ ፎርዊል እንዳላት ራሷም ረስታዋለች። ድሮ ቢያንስ የሰፈራችን ውስጥ ለውስጥ ኮረኮንች ነበር፣ አሁን እሱም በኮሪደሩ አስፋልትና ንጣፍ ሆኗል። አልከፋኝም፣ ግን ቪታራ ይዤ ምን ልሥራባት?

የድሮዋ ቪታራ ናት። ባለ ሦስት በር፣ ቤንዚን፣ ካርቡሬተር፣ ማኑዋል። ሎው ማርሿ፣ ለዳገትና ለጭቃ የሚሆነው ባለጉልበቱ ማርሽ፣ ይሠራል፣ ባለፈው እንጦጦ ጀርባ ጭቃ ላይ ሞክሬዋለሁ። አሁን ከአንድ ጓደኛዬ ጋር ባሌ ወርደን፣ ሳነቴ የሚባለውን ከፍተኛ ሜዳ አቋርጠን፣ ሐረና ጫካ ውስጥ ሁለት ሦስት ቀን መዞር አስበናል። ዋናውን መንገድ ይዞ መሄድ ብቻ ሳይሆን ወጣ እያልን፣ ጫካው ውስጥ ለውስጥ የሚሄዱትን መንገዶች እየፈለግን፣ ደስ ያለን ቦታ ድንኳን እየጣልን። ፈቃድ የማገኘው ለፋሲካ ሰሞን ነው።

በዚህች መኪና ይወጣል? ቤንዚን እስከ የት አገኛለሁ? ጫካው ውስጥ መኪና የሚያስገባ መንገድ የሚያውቅ አለ? "ላንድክሩዘር ግዛ" ልትሉኝ ያሰባችሁ መጀመሪያ ብሩን ላኩልኝ።

ጭቃ_ወዳጅ፦

ዝም ብለህ ሂድ ብሮ። እኔ በራቭፎር ገብቼ ወጥቻለሁ፣ ምንም የለም። ሳነቴ ላይ ደግሞ ሜዳው ሰፊ ነው፣ ዛፍ የለ ምን የለ፣ ከመንገዱ ወጥተህ እንደ ልብህ ትነዳለህ። ድንጋዩን ብቻ ተጠንቀቅ። ቪዲዮው አሪፍ ነው የሚወጣው።

የጎባ_ልጅ፦

ጭቃ ወዳጅ፣ አትቀየመኝና ይሄ ምክር አይደለም።

ተወልጄ ያደግኩት ጎባ ነው፣ አሁን ስታዲየም አካባቢ ነው የምሠራው። ሳነቴ ላይ ሜዳ የመሰለህ ነገር ሥሩ ባዶ ነው። ባሌ ውስጥ ካልሆነ የትም የማይገኝ ትልቅ ፍልፈል አለ፣ መሬቱን ሁሉ ቦርቡሮታል። ፀሐይ ሞቅ ስትል መኪናህን አጥፍተህ ዝም ብለህ ብትቀመጥ ታየዋለህ። ከጉድጓዱ አንገቱን ብቅ ያደርጋል፣ አፉ የደረሰበትን ሣር ግጥም አድርጎ ይነጭና ወደ ኋላው ሸርተት ብሎ ይገባል። ከጉድጓዱ ሙሉ በሙሉ ሲወጣ እምብዛም አታየውም። ቀይ ቀበሮ የምትኖረው እሱንና አይጦቹን እያደነች ነው። በዓለም ላይ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች 500 አይሞሉም፣ ከግማሽ በላይ ያሉት ደግሞ እዚያው ባሌ ነው። አንተ ለቪዲዮ ብለህ የምትነዳው ጣሪያቸው ላይ ነው። በዚያ ብርድ ጎማ የፈጀው ሣር ቶሎ አይመለስም። ከአንተ በኋላ የሚመጣው ደግሞ ያንተን ፈለግ መንገድ ነው ብሎ ይከተላል፣ በዓመቱ አምስት መንገድ ይሆናል።

ለባለቪታራው፦ ፓርክ ነው። ከተከለለ ከ50 ዓመት በላይ ሆኖታል፣ በ2016 መስከረም ላይ ደግሞ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። ከመንገድ ወጥቶ መንዳት አይፈቀድም። ድንኳንም ደስ ያለህ ቦታ ሳይሆን የተፈቀደ ቦታ ነው የምትጥለው። ዋናው ጽሕፈት ቤት ዲንሾ ነው፣ ሮቤ ሳትደርስ። እዚያ ከፍለህ፣ አስጎብኚ ይዘህ፣ የመንገዱንም የአካባቢውንም ሁኔታ ጠይቀህ ትሄዳለህ።

ሐረና ውስጥ ለውስጥ የምትላቸው መንገዶችም የመኪና አይደሉም። የከብትና የፈረስ ናቸው፣ ቡና ለቃሚና ቀፎ ሰቃይ የሚሄድባቸው። ጫካው ውስጥ ማንም ያልተከለው ቡና አለ፣ ማሩም ከዚያው ነው። እነዚያን መንገዶች ማየት ከፈለግክ መኪናህን አቁመህ በእግርህ ወይም በፈረስ ግባ። አንበሳ ስላለ ግን ብቻህን አትግባ።

ዋናው መንገድ ራሱ እኮ ይበቃሃል። ጎባ ከ2,700 ሜትር በላይ ነው። ከዚያ ተነስተህ 4,000 ሜትር አልፈህ ሳነቴ ላይ ትወጣለህ። ከመንገዱ የምትገነጠል አጭር መንገድ ደግሞ ቱሉ ዲምቱ ጫፍ፣ 4,377 ሜትር ላይ ታደርስሃለች። በደቡብ በኩል ሜዳው ድንገት ይቆረጥና ወደ ሐረና ተጠማዝዘህ ትወርዳለህ። መጀመሪያ አስታው ነው፣ ቅርንጫፉ ላይ እንደ ሽማግሌ ጢም የሚንጠለጠል ነገር ያለበት። ቀጥሎ ኮሶው፣ ሪራ መንደር፣ ቀርቀሃው፣ ከዚያ ዝግባና ትልልቁ ዛፍ፣ ከታች ቡናው። መጨረሻ ላይ ዶሎ መና ስትደርስ ጃኬትህን አውልቀህ ቆላ ነህ። በአንድ ቀን ይህን ሁሉ የሚያሳይህ ሌላ መንገድ እኔ አላውቅም።

ፋሲካ ሰሞን ግን ተወው። ሐረና ላይ መጋቢት ዝናቡ ይጀምራል፣ ጥቅምት ድረስ በቅጡ አይለቅም። ከኅዳር እስከ ጥር ሂድ።

ጋሼ_ጋራዥ፦

ሶማሌ ተራ አካባቢ 30 ዓመት መኪና ስፈታ ኖሬያለሁ። ልጁ መጽሐፍ ጽፎልሃል፣ እኔ ስለ መኪናዋ ልንገርህ።

ካርቡሬተር ናት ብለሃል፣ ቤንዚንና አየሩን ኮምፒውተር አያመጣጥንላትም። አዲስ አበባ ላይ የለመደችው አየር ራሱ ስስ ነው፣ ቱሉ ዲምቱ ላይ ደግሞ ከዚችው ላይ አንድ አምስተኛ ያህሉ ይቀነስባታል። ቤንዚኑ ግን እንደ ልማዱ ይወርዳል። ስለዚህ ይበዛባታል። ጥቁር ጭስ ታያለህ፣ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ሚኒሞ ላይ ቀጥ ትላለች። አትደንግጥ፣ አልተበላሸችም፣ ታፍና ነው። አየር ማጣሪያውን አዲስ አድርግ። ዳገቱ ሲጀምር ሎው ውስጥ ሁለተኛ ያዝና እስከ ላይ አትነካካት። ጉልበት ሲያንሳት ዳገት መሀል ማርሽ ልቀይር ያለ ሰው ነው ወደ ኋላ የሚንሸራተተው። ፍሪሲዮኑንም የሚያቃጥለው እሱው ነው።

ራዲያተር። ሳነቴ ላይ ውሃ 86 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። በድስት ማለቴ ነው፣ ምስር የጣደ ሰው ያውቀዋል። ራዲያተር ውስጥ ቶሎ እንዳይፈላ የሚይዘው ክዳኑ ነው፣ አፍኖ። የክዳኑ ላስቲክ ካለቀ መኪናዋ ዳገት ላይ ትተፋዋለች፣ አንተም ቴስታ ተቃጠለ ብለህ ታለቅሳለህ። ክዳን ቀይር። ከርካሾቹ ዕቃዎች አንዱ ነው።

ጎማ። እዚህ ጎሚስታ ጋ 30 ፒኤስአይ አስሞልተህ ላይ ስታስለካው ሁለት ሦስት ጨምሮ ልታገኘው ትችላለህ፣ ውጪው ያለው አየር ስለሳሳ ነው። ብርዱ ደግሞ መልሶ ይቀንሰዋል። ዝም ብለህ አታስተንፍሰው። ጭቃ ላይ ከተያዝክ ግን እስከ 20 አውርደው፣ ጎማው ሰፋ ብሎ ይይዛል። ፓምፕ ካልያዝክ አታውርድ፣ ነፋሱ እንደቀነሰ ጠጠሩ ላይ ከሮጥክ ጎማውን ትቀደዋለህ።

ክሪክ ስትይዝ ጣውላ ያዝ። ጭቃ ላይ ያለ ጣውላ ክሪኩ ወደ ታች ይገባል እንጂ መኪናው ወደ ላይ አይነሳም። የሚጎትትህ ሰው ከተገኘ ገመዱን ሻንሲው ላይ ካለው መንጠቆ ነው የምታስረው፣ ፓራውልት ላይ እንዳታስር። ሲጎተት ገመዱ አጠገብ ሰው አይቁም። ሲበጠስ ያየሁት ነገር አለ፣ አልጽፈውም።

ቤንዚን ሮቤ ወይም ጎባ ሙላ። ግማሽ አለኝ ብለህ ሰልፍ አትዝለል። በጀሪካን አይቀዱልህም፣ እሱን አስበህ አትውጣ።

ባለቪታራው፦

ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንድ ነገር ልጠይቅዎት፣ ካርቡሬተሩን እዚሁ አስተካክለውልኝ ብወጣ አይሻልም? ቤንዚኑን ቀንሰው ማለቴ ነው።

የጎባ ልጅ፣ ስለ ፍልፈሉ በእውነት አላውቅም ነበር። አፈርኩ። እኔም ሜዳው ላይ ለመንዳት ነበር ያሰብኩት።

ጋሼ_ጋራዥ፦

ለላይ ካስተካከልኩልህ ታች ስትወርድ ቤንዚን ያንሳትና ትግላለች። አንተ እዚያ ላይ የምትቆየው ግማሽ ቀን ነው። ትጭስ፣ ተዋት።

ሰሊ_ካዛንቺስ፦

እኛ ኅዳር ላይ በጓደኛችን ፒካፕ ሄደን ነበር። ስለ ዳገቱ ብዙ ተባለ፣ እኛን ያስለቀሰን ግን ቁልቁለቱ ነው።

መጀመሪያ ስህተታችንን ልንገርህ። ከአዲስ አበባ ሌሊት ወጥተን፣ በአዳማ፣ በአሰላ፣ በዶዶላ አድርገን፣ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነድተን፣ ጎባ ሳናድር በዚያው ቀን ሳነቴ ወጣን። ጓደኛዬ ራሷን አመማት፣ ከዚያ አስመለሳት። የሸገር ልጆች ከፍታ ለምደናል ብለን እናስባለን፣ 4,000 ሜትር ግን ሌላ ነገር ነው። ጎባ እደሩ።

ከዚያ ወደ ሐረና ስንወርድ ጭጋግ ነበር። ከፊታችን አሥር ሜትር አይታይም። ሹፌራችን በፍርሃት ፍሬኑን አንዴም አልለቀቀውም፣ መኪናዋ ሦስተኛ ማርሽ ላይ ናት። ከአራተኛው ወይ ከአምስተኛው ጥምዝ በኋላ ሽታው መጣ። የተቃጠለ ነገር፣ ጉሮሮ የሚይዝ። "ፔዳሉ ወረደ" አለ፣ ድምፁ ራሱ ተለወጠ። በእጅ ፍሬን እንደምንም ጥግ ያዝን። ከጎማው ጭስ ይወጣል። ማንም አይናገርም።

በዚያ ጭጋግ ውስጥ ከየት እንደመጣ እንጃ፣ አንድ ልጅ በፈረስ መጣ። አሥራ ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው። ምንም ሳይጠይቀን ወረደ፣ ትልቅ ድንጋይ አንከባሎ ከፊት ጎማው ሥር አስገባልን፣ ሁለተኛውንም። ከዚያ አፍንጫውን በሁለት ጣቱ ያዘና ሳቀብን። በኦሮምኛ የሆነ ነገር ተናገረ። ከመካከላችን የሚሰማው አንድ ሰው ብቻ ነበር፣ "መኪናችሁን ለምን ትጠብሳላችሁ?" ነው ያለው። እስኪቀዘቅዝ አንድ ሰዓት ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ተቀመጥን፣ እሱም አብሮን ተቀመጠ፣ ብስኩት በላን። ከዚያ በሎው ሁለተኛ፣ እግር ከፍሬን ላይ ተነስቶ፣ በሰው እርምጃ ወረድን። ፔዳሉ ተመለሰ፣ አንዴም አልሸተተም። ለካ ማርሹ ራሱ ይይዛታል።

የፍሬን ሸራውን ሳታስቀይር አትውጣ። ኦሮምኛ የሚችል ሰው ካለህ ደግሞ ይዘኸው ሂድ፣ የሚጣፍጠው ወሬ ሁሉ ያመለጠን በዚያ ነው።

ጭቃ_ወዳጅ፦

እሺ፣ የፍልፈሉን ነገር እኔም አላውቅም ነበር። ያንን ይቅርታ። ራቭፎሩ ግን ገብቷል፣ ልትክዱኝ አትችሉም።

የጎባ_ልጅ፦

ወሩ ምን ነበር?

ጭቃ_ወዳጅ፦

ጥር።

የጎባ_ልጅ፦

አንድም ቦታ አልተያዝክም?

ጭቃ_ወዳጅ፦

አንድ ቦታ። ቡና የጫነ አይሱዙ ጎትቶ አወጣኝ። እሱን ቪዲዮው ላይ አላስገባሁትም።

ባለቪታራው፦

ሃሃ፣ ገደልከኝ።

በቃ ፋሲካን ተውኩት። ፈቃዴን ወደ ኅዳር እንዲያዞሩልኝ አለቃዬን እለምናለሁ፣ ካልሆነም ለገና። ጓደኛዬ ጅማ ያደገ ነው፣ ኦሮምኛውን ይችላል፣ አልነገርኳችሁም እንጂ። ዲንሾ እንከፍላለን፣ ጎባ እናድራለን፣ መንገዱን አንለቅም፣ ጫካውን በፈረስ። አንድ መኪና ብቻ መሆናችን ግን ከብዶኛል፣ ሁለተኛ መኪና ይዞ የሚመጣ ካለ ይጻፍልኝ።

እስከዚያ እጄን የማፍታታበት ቅርብ ቦታ ንገሩኝ። እንጦጦ ሰለቸኝ።

የጎባ_ልጅ፦

መናገሻ ሱባ። በሰበታ በኩል ነው፣ ጠዋት ወጥተህ ከሰዓት ቤትህ ነህ። የወጨጫ ተራራ ጥግ ላይ ያለ የድሮ ጫካ ነው፣ ጽዱን ያስተከሉት አፄ ዘርዐ ያዕቆብ ናቸው ይባላል፣ ዘሩም ከወፍ ዋሻ መጣ ይላሉ። ጫካው ውስጥ የሚወጣ የጠጠር መንገድ አለው፣ ዳገቱም ለሎው ማርሽ ልምምድ ይበቃል። እዚያም ከመንገዱ እንዳትወጣ። ጉሬዛ ታያለህ።

ሁለተኛ መኪና ላልከው፣ ኅዳር ላይ እናቴን ለማየት እኔም እሄዳለሁ። እስከ ጎባ አብረን እንሄዳለን፣ ከዚያ በኋላ ያለውን በውስጥ መስመር እናውራ።

ጋሼ_ጋራዥ፦

አንተ ልጅ፣ ሱባ ከመሄድህ በፊት ቅዳሜ ጠዋት ይዘሃት ና። ፍሬኑን ላየው። የራዲያተሩን ክዳን ገዝተህ ና፣ እኔ ዘንድ የለም። ከኋላ የተንጠለጠለውን ስኮርታ ጎማም አስለካው። ከገዛሃት ጀምሮ አንድ ቀን ነክተኸው አታውቅም፣ ሽፋኑን ሳላወልቅ አውቀዋለሁ።

ባለቪታራው፦

ጋሼ፣ አሁን ወርጄ ረገጥኩት። ባዶ ነው።