ዝሆኔ ሳር የአገዳ ቆርቁርን ወደ ማሳዬ አይጠራብኝምን?

ጥያቄ፦ በበቆሎ ማሳዬ ዙሪያ ዝሆኔ ሳር እንድተክል ተመክሬአለሁ። የአገዳ ቆርቁር የእሳት እራት ሳሩን ከበቆሎው አብልጣ የምትመርጥ ከሆነ፣ ተባዩን ራሴ ማራባቴ አይሆንምን?

መልስ፦ ስጋትዎ ተገቢ ነው፤ እራቷ በሳሩ ላይ ብዙ እንቁላል ትጥላለች። ይሁን እንጂ እጮቹ አገዳውን ሲቦረቡሩ ተክሉ የሚያመነጨው አጣባቂ ፈሳሽ ስለሚይዛቸው፣ አብዛኞቹ ሳያድጉ ይሞታሉ።

መልስ፦ በበቆሎው መካከል ዴስሞዲየም የተባለውን የመኖ ተክል ይዝሩበት። ሽታው እራቷን ያርቃል፤ ሥሩ ደግሞ የሰብል ሥር ላይ ተጣብቆ የሚያድገውን ጥገኛ አረም፣ አቀንጭራን፣ ይገታል፤ ለእኔ ትልቁ ጥቅሙ ይህ ነው።

መልስ፦ ጥገኛ ተርቦችንም እባክዎ አይዘንጉ። ኮቴዥያ የምትባለው ደቃቅ ተርብ አገዳ ውስጥ የተደበቀውን እጭ ፈልጋ እንቁላሏን በሰውነቱ ውስጥ ትጥላለች፤ የሚፈለፈሉት ልጆቿም ከውስጥ እየተመገቡት ይገድሉታል። ፀረ ተባይ ከረጩ ግን እርሷም ትሞታለች።