ስደተኛ ሕፃን ወዲያው ለጉዲፈቻ ቢሰጥ ምን ይጎዳል?

አወያይ፦ በትንሽ በጀት በተሠሩ፣ ብዙ ተመልካች ባላገኙ ድራማዎች አንድ ታሪክ ይደጋገማል። ብቻውን ድንበር የተሻገረ ሕፃን፣ ልጅ የናፈቃቸው ባልና ሚስት፣ መጨረሻ ላይ የጉዲፈቻ ፊርማ። ይህ መፍትሔ ልክ ነው?

የሕግ ባለሙያ፦ አይደለም። ብቻውን ተገኘ ማለት ወላጅ የለውም ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2007 የአንድ የፈረንሳይ ድርጅት ሰዎች 103 ሕፃናትን «የዳርፉር ወላጅ አልባዎች» (ዳርፉር ከቻድ የሚዋሰን የሱዳን ግዛት ነው) ብለው ከቻድ ሊያወጡ ሲሉ ተያዙ። ሲጣራ አብዛኞቹ ቻዳውያን ነበሩ፤ ቢያንስ አንድ ወላጅም ነበራቸው። ለ1993ቱ የሄግ የጉዲፈቻ ስምምነት በ1994 የወጣው ምክረ ሐሳብም ቤተሰብ የማፈላለጉ ሥራ በሚቻለው ሁሉ እንዲቀድም ይጠይቃል።

የሥነ ልቦና ባለሙያ፦ ወንድሜ፣ እስከ መቼ? የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ኮሚሽን የ1994 መመሪያ ከጉዲፈቻ በፊት በአብዛኛው ቢያንስ 2 ዓመት ይጠበቅ ይላል። በ1 ዓመቱ የመጣ ሕፃን 3 ሲሞላው የዕድሜው ሁለት ሦስተኛ በጥበቃ አልቋል። እጅ በእጅ ሲቀባበሉት ማንንም ማመን ያቆማል።

ቤተሰብ አፈላላጊ፦ እህቴ፣ ስጋትሽ እውነት ነው። ግን የሚጠብቀው በአንድ የአደራ ቤተሰብ (ለጊዜው በሚያሳድገው ቤተሰብ) ቤት፣ ከእህት ወንድሞቹ ሳይለይ መሆን አለበት። ፍለጋው የሚበላሸው በመጀመሪያው ቀን ነው። መዝጋቢው ስሙን በራሱ ጆሮ ልክ ይጽፈዋል፤ አንድ ፊደል ሲሳሳት እናት የምትፈልገው ስምና መዝገቡ አይገናኙም። ልጁ አክስቱንም «እማዬ» ሊል ይችላል። ስለዚህ ስሙን እሱ እንደሚጠራው ጻፉ፤ የእናቱን የቤት ስም፣ በቤታቸው አጠገብ ያለውን ወንዝ ወይም ገበያ፣ አብሮት የመጣውን ሰው ጠይቁ። ፎቶ አንሱት፤ የለበሰውን ልብስ አትጣሉ። ወደ ሌላ መጠለያ ሲዛወር ፋይሉ አብሮት ይሂድ። ወላጆቹ ያሉበትን መረጃ ግን ለሸሹት መንግሥት አትስጡ፤ ሕይወታቸውን ያስከፍላል።

የፊልም ደራሲ፦ ድራማው እኮ እዚህ ነው! ደራሲዎች ግን አስተርጓሚውን እንኳ ይዘሉታል፤ ልጁ በሁለተኛው ትዕይንት አዲሱን ቋንቋ አቀላጥፎ ይናገራል። እናቱ በ14ኛው ወር በሕይወት ብትገኝና እሱ ቋንቋዋን ረስቶ ቢሆንስ? ያንን ትዕይንት የሚጽፍ እፈልጋለሁ።

የሥነ ልቦና ባለሙያ፦ ለዚህም የአደራ ቤተሰቡ ቋንቋውን የሚናገር ቢሆን ይመረጣል። እዚህ ላይ እስማማለሁ። እናት ካልተገኘችስ?

የሕግ ባለሙያ፦ ያኔም ጉዲፈቻ ብቸኛ መንገድ አይደለም። የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን አንቀጽ 20 የአደራ ቤተሰብንና በእስልምና ሕግ ያለውን ከፋላን (የሌላን ልጅ የራስ ልጅ ሳያደርጉ የማሳደግ አደራ) ከጉዲፈቻ እኩል ይጠቅሳል። በከፋላ ልጁ የአባቱን ስም ይዞ ያድጋል፤ ወላጅ ዘግይቶ ቢመጣም የሚፈርስ የልጅነት ውል የለም።