ካሜራ አይዋሽም? በሂችኮክ «ስቴጅ ፍራይት» ላይ የተነሳ ክርክር

የመድረክ ልጅ፦ ትናንት እዚህ «ዳይሬክተሩ ሂችኮክ እ.ኤ.አ. በ1950 በወጣው ስቴጅ ፍራይት ፊልሙ ተመልካቹን ሸውዷል፤ ካሜራ አይዋሽም» ተብሎ ሲጻፍ ዝም ብዬ ማለፍ አቃተኝ። የሚዋሸው ገጸ ባህሪው ጆናታን ነው! መኪና ውስጥ ሆኖ «የመድረክ ኮከቧ ሻርሎት ባሏን ገድላ፣ ቀሚሷ ደም እንደነካው መጣችብኝ» እያለ ለጓደኛው ለኢቭ ይተርክላታል። የምናየው የእሱን ወሬ ነው።

ታዛቢ፦ የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ አሁንም እደግመዋለሁ፤ ካሜራ አይዋሽም። በአፉ ብቻ ቢያወራ እጠረጥረው ነበር። ቀሚሱን ከነደሙ ካሳየኸኝ በኋላ መጨረሻ ላይ ገዳዩ ራሱ ነው ስትለኝ በምን ልጠርጥር?

የመድረክ ልጅ፦ ፍንጩማ ተሰጥቶሃል። የኢቭ አባት ቀሚሱን አገላብጦ አይቶ፣ ደሙ ሆን ተብሎ የተቀባ ነው አላለም? ጆናታንስ ወዲያው እሳት ውስጥ አልከተተውም?

ታዛቢ፦ ያ ፍንጭ እኮ ሻርሎትን ነው ያስጠረጠረን። ልጁን ወጥመድ ውስጥ ከተተችው ብለን ይበልጥ አዘንንለት።

እቴቴ፦ ምን ያከራክራችኋል? ሂችኮክ ራሱ ያንን የውሸት ፍላሽባክ (ያለፈውን መልሶ የሚያሳይ ትዕይንት) ማስገባት አልነበረብኝም ብሎ ለፈረንሳዊው ዳይሬክተር ለትሩፎ ነግሮታል።

የመድረክ ልጅ፦ እቴቴ፣ ሠሪው ስለተጸጸተ ሥራው አይበላሽም። የጃፓናዊው ዳይሬክተር የኩሮሳዋ ፊልም ራሾሞንም የወጣው በዚያው ዓመት ነው፤ እዚያም የየሰዉ ቃል በምስል ይታያል። እሱን ስታደንቂ ሰምቻለሁ።

እቴቴ፦ እዚያ የአንዱን ቃል የሌላው ያፈርሰዋል። ጆናታንን ማን ተቃወመው? ብቻውን አውርቶ ብቻውን ታመነ።

ጋለሪ፦ ቲያትሩን ረሳችሁት። ፊልሙ የሚጀምረው የቲያትር ቤት የእሳት መከላከያ መጋረጃ ሲነሳ ነው፤ ከጀርባው የምትታየው እውነተኛዋ ለንደን ናት። ከዚህ በላይ ምን ይንገራችሁ? ጆናታንን መጨረሻ ላይ የሚገድለውም የመድረኩ የብረት መጋረጃ ነው። ኢቭ የድራማ ተማሪ ሆና፣ የቤት ሠራተኛ መስላ ሻርሎት ቤት ትገባለች። ሁሉም በሚያስመስልበት ዓለም ምስሉ ብቻ ለምን እውነት ይናገር?

ታዛቢ፦ ኢቭ ስታስመስል እያወቅን ነዋ! ልቤ የሚመታው ትያዝ ይሆን እያልኩ ነው። በጆናታን ጊዜ ያን ስሜት ነፈገኝ።

እቴቴ፦ ኢቭን ካነሳችሁ፣ እሷን ሆና የተወነችው ጄን ዋይማን ሠራተኛ አልመሰለችም። ሻርሎትን ሆና የተወነችው ዲትሪች የፋሽን ቤቱን የዲዮርን ልብስ ለብሳ ስትታይ ዋይማንም ማማር አማራት፤ ሂችኮክም በዚህ አማርሯል።

የመድረክ ልጅ፦ ዋይማንን ተዪልኝ! ከዲትሪች አጠገብ ቆሞ ማን ይታያል?

ጋለሪ፦ ዲትሪች መድረክ ላይ ስትዘፍን አንድ ትንሽ ልጅ ደም የተቀባችውን አሻንጉሊት ይዞላት ሲመጣ ዘፈኑ እንዴት አፏ ላይ እንደቀረ አይታችኋል? ያንን ፊት ማንም አይሠራውም።

ታዛቢ፦ በዚያ ፊት ነው እኮ ገዳይዋ እሷ ናት ብዬ የጨረስኩት!

የመድረክ ልጅ፦ ድንጋጤዋ እውነት ነበር። ግድያው ላይ እጇ አለበት፤ ጆናታንን የገፋፋችው እሷ ናት። ታዲያ ካሜራው ምኑ ላይ ዋሸ?

ታዛቢ፦ መጀመሪያው ላይ! ስንት ጊዜ ልበልህ?